ገበናው የማን ነው? ትዳር፣ ምስጢርና ክህደት በምዕራብ አፍሪካ ሴት ደራሲያን ልብ ወለዶች

በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ክህደት በልብ ወለድ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ሰዎች ጉዳይ ሆኖ ይታያል፤ ባል ይዋሻል፣ ሚስት ትታለላለች፣ በመካከላቸው ሌላ ሴት ትገባለች። ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የተነሡት የምዕራብ አፍሪካ ሴት ደራሲያን ግን ይህን የተለመደ ሥዕል ከመሠረቱ ለውጠውታል። በእነርሱ መጻሕፍት ውስጥ የቤቱን ገበና ባልየው ብቻውን አይሸፍነውም፤ እናቱና ወንድሙ፣ ኢማሙና ሽማግሌው፣ አንዳንዴም የባንክ ወረቀቱ አብረው ይሸፍኑታል፤ ሚስትም እውነቱን የምትሰማው ሌላው ሁሉ ካወቀው በኋላ ነው። የእነዚህ ልብ ወለዶች ትልቅ ኃይል የሚመነጨውም ከዚሁ ነው፤ ምስጢር በትዳር ውስጥ እንዴት በብዙ እጅ እንደሚጠበቅና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ።

የዚህ የአጻጻፍ ፈር መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው በ1966 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመው የናይጄሪያዊቷ የፍሎራ ንዋፓ «ኤፉሩ» ነው። መጽሐፉ የወጣው ሃይንማን የተባለው የለንደን አሳታሚ ለአፍሪካ ደራሲያን ባዘጋጀው ተከታታይ እትም ሲሆን፣ በዚያ እትም ሥራዋ የታተመላት የመጀመሪያዋ ሴት ንዋፓ ናት። ባለታሪኳ ኤፉሩ በኢግቦ ሕዝብ መካከል የምትኖር፣ ንግድ የሰመረላት፣ በመልኳም በግብሯም የተመሰገነች ሴት ናት። የመጀመሪያ ባሏን የምታገባው ማጫ ሳይከፈልላት፣ ማለትም ወንዱ ለሴቷ ወላጆች ሊሰጥ የሚገባው የጋብቻ ገንዘብ ሳይሰጥ፣ በፍቅር ብቻ ነው፤ ይህ ባል ግን ሌላ ሴት ተከትሎ ይጠፋና ልጃቸው ስትሞት እንኳ ሳይመለስ ይቀራል። ሁለተኛው ባሏ ደግሞ ከሌላ ሴት የወለደውን ልጅም፣ መታሰሩንም ይደብቃታል፤ እርሷ ስትታመም ግን አመንዝራለች የሚለውን የመንደር ሐሜት አምኖ ይቀበላል። የራሱን ገበና ሸፍኖ የኖረ ሰው ሚስቱን ባልሠራችው ኃጢአት ሲጠረጥር፣ ኤፉሩ ንጹሕነቷን አስመስክራ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች።

የ«ኤፉሩ» መደምደሚያ ለባለታሪኳ ሀብትንና ውበትን የምትሰጥ፣ ልጅ ግን የማትሰጥ የሐይቅ አምላክ ያነሣና ይህች አምላክ የእናትነትን ደስታ ሳትቀምስ ሴቶች ለምን እንደሚያመልኳት ይጠይቃል። ሌላዋ ናይጄሪያዊት ቡቺ ኤሜቼታ በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ አንሥታ «የእናትነት ደስታዎች» የሚል ርእስ ሰጥታዋለች፤ ታሪኩ ግን ልጆቿን ለማሳደግ ዕድሜዋን የጨረሰች፣ በስተመጨረሻም ያለ ጧሪ የቀረች እናት መሪር ሕይወት ነው። የኤሜቼታ የራሷ ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። በለንደን ትኖር በነበረበት ጊዜ የመጀመሪያውን የልብ ወለድ ረቂቋን ባሏ እንዳቃጠለባት፣ እርሷም ትዳሩን ትታ አምስት ልጆቿን ብቻዋን እያሳደገች ታሪኩን እንደ አዲስ እንደጻፈችው በግለ ታሪኳ ተርካለች። ያ መጽሐፍ በ1976 ለኅትመት በቅቷል። አንድ ባል የሚስቱን ጽሑፍ እስከማቃጠል መድረሱ፣ ሴት የቤቷን ነገር መጻፏ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ከብዙ ሐተታ የበለጠ ይናገራል።

የቤት ገበናን የሚሸፍነው ብዙ እጅ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን በሴኔጋላዊቷ በማሪያማ ባ «እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ» ውስጥ ነው። በ1929 በዳካር የተወለደችው ባ በመምህርነት ሠርታለች፣ ዘጠኝ ልጆች ወልዳለች፣ የፓርላማ አባል ከነበረው ባሏም ተፋትታለች። በፈረንሳይኛ የጻፈችው ይህ አጭር ልብ ወለድ በ1979 በዳካር ታተመ፤ በማግስቱ ዓመት ለአፍሪካ መጻሕፍት በተመሠረተው የኖማ ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ። ደራሲዋ ብዙም ሳትቆይ በ1981 በካንሰር ሕመም ዐረፈች።

መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ በደብዳቤ መልክ የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ ራማቱላዬ ባሏ ሞዱ በልብ ድካም በድንገት ስለሞተባት በዒዳ ላይ ናት፤ ዒዳ በእስልምና ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት ሌላ ሳታገባ አራት ወር ከዐሥር ቀን የምትቆይበት የሐዘን ጊዜ ነው። የደብዳቤው ተቀባይ በአሜሪካ በሴኔጋል ኤምባሲ በአስተርጓሚነት የምትሠራው የልጅነት ጓደኛዋ አይሳቱ ናት። ዒዳ ሴትን ከቤት የሚያውል ወቅት በመሆኑ፣ ባ ለታሪኳ የመረጠችው ጊዜና የመረጠችው ቅርጽ ፍጹም ተገጣጥመዋል፤ ወጥታ ልትናገር የማትችል ሴት ተቀምጣ ትጽፋለች፣ ለሽማግሌ ያልተነገረውም ለጓደኛ ይነገራል።

ክህደቱ የሚገለጥበት ትዕይንት በአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ ጭካኔ የተሞላባቸው ከሚባሉት መካከል መቆጠር ይገባዋል፤ ይሁንና አንድም ሰው ድምፁን ከፍ አያደርግበትም። ከሃያ አምስት ዓመት ትዳር በኋላ ኢማሙ፣ የባሏ ወንድም ታምሲርና የባሏ ጓደኛ ማውዶ ተያይዘው ወደ ራማቱላዬ ቤት ይመጣሉ። እርሷ ባሏ አደጋ ደርሶበት ይሆናል ብላ ትደነግጣለች፤ እነርሱ ግን ዙሪያ ጥምጥም ከተናገሩ በኋላ፣ ሞዱ በዚያው ዕለት ሁለተኛ ሚስት ማግባቱን፣ ነገሩም የአምላክ ፈቃድ መሆኑን ይነግሯታል። አዲሲቱ ሙሽራ ቢኔቱ ደግሞ የራማቱላዬ የበኩር ልጅ የዳባ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት። ከዚያ ቀደም ዳባ፣ ቢኔቱን አንድ ሽማግሌ በልብስና በገንዘብ እንደሚያባብላት ለእናቷ አውርታት ነበር፤ እናትም ልጅቷ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ከልቧ መክራ ነበር። ስለዚያች ልጅ ስታስብ የኖረችው ሚስት፣ ሽማግሌው የገዛ ባሏ መሆኑን የምታውቀው ኒካሑ (የጋብቻ ውሉ) ከታሰረ በኋላ ነው። ቢሆንም እንባዋን ዋጥ አድርጋ እንግዶቿን አመስግና ትሸኛቸዋለች። መልእክተኞቹ ያከበሩት ደንብ፣ እርሷም ያከበረችው ጨዋነት፣ ሁለቱም በአንድነት ክህደቱን ያለ ጩኸት እንዲያልፍ ያደርጉታል፤ ባ አንባቢዋን የምታስጨንቀውም በዚህ ጸጥታ ነው።

ሁለተኛው መገለጥ የሚመጣው በውርስ ነው። በእስልምና ሚራስ የሚባለው የውርስ ሥርዓት የሟቹ ሀብትና ዕዳ ሁሉ በወራሾች ፊት ተዘርግቶ እንዲታወቅ ያስገድዳል። በዚህ ጊዜ ሞዱ ለአዲሲቱ ሚስት ቤት የሠራው ከራማቱላዬ ጋር በጋራ ያፈሩትን ቤት በባንክ አስይዞ በወሰደው ብድር መሆኑ፣ አማቶቹንም መካ ድረስ መላኩ ይታወቃል። ባልየው በሕይወት ሳለ የቀበረው ነገር በሞቱ ተገለጠ፤ ባ ሃይማኖታዊውን ሥርዓት የምስጢር መፍቻ አድርጋ መጠቀሟ የታሪኩ ብልኀት ያረፈበት ነጥብ ነው። ሕጉም ቢሆን ሚስቲቱን አልተከላከለላትም፤ በ1972 የወጣው የሴኔጋል የቤተሰብ ሕግ ባል በጋብቻው ጊዜ አንድ ሚስት ብቻ እንዲኖረው ወይም እስከ አራት እንዲያገባ ምርጫውን እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል፤ ዝም ካለ ግን ከአንድ በላይ የማግባት መብቱ እንደተጠበቀ ይቆያል።

ባ የወንዶቹን ክህደት ስትገልጥ ሴቶቹንም ነጻ አታወጣቸውም። ቢኔቱን ከትምህርት ገበታ አስወጥታ ለአዛውንት የሰጠቻት ከድህነት ለመውጣት የጓጓች እናቷ ናት። የአይሳቱን ትዳር ያፈረሰችው ደግሞ አማቷ ናት፤ ይህች ከነገሥታት ዘር ነኝ የምትል እመቤት፣ ልጇ የአንጥረኛን ልጅ ማግባቱን እንደ ውርደት ቆጥራ፣ የወንድሟን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ ለዚሁ ዓላማ አሳድጋ በላይዋ ላይ ትድርበታለች። ዕደ ጥበብን በዘር የሚያወርድና ባለሙያውን የሚንቅ ማኅበረሰብ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህ የታሪኩ ክፍል ማብራሪያ አያስፈልገውም። አይሳቱ አራት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ትወጣለች፤ ራማቱላዬ ግን ትቀራለች፤ ባሏ ፊቱን አዙሮባት እንኳ ፍቺ አትጠይቅም። ከሞተ በኋላ ታምሲር የወንድሙን ሚስት ሊወርስ ሲመጣ ግን፣ ያን ዕለት ዝም ብላ የሸኘችውን ሰው በኃይለ ቃል ታባርረዋለች። ባ ከሁለቱ ጓደኛሞች ልክ የሆነችው የትኛዋ እንደሆነች አትፈርድም፤ መጽሐፉ እስከ ዛሬ በክፍል ውስጥ ክርክር የሚያስነሣውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ጋናዊቷ አማ አታ አይዱ በ1991 ባሳተመችው «ለውጦች» ጥያቄውን ወደ ተማረች ከተሜ ሴት ታዞረዋለች። በአክራ በመንግሥት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የምትሠራው ኤሲ፣ ባሏ በኃይል ስለደፈራት ትዳሯን ትታ፣ ነጻነቴን ይጠብቅልኛል ብላ ያመነችበትን ባለትዳር ሰው በሁለተኛ ሚስትነት ታገባለች። በባልና ሚስት መካከል የሚፈጸም መድፈር በኤሲ ቋንቋ ስም እንኳ እንደሌለው አይዱ ማሳየቷ መጽሐፉን ለጊዜው እጅግ ደፋር አድርጎታል፤ ሰው የማይሰይመው በደል ማንም ሳይደብቀው ተደብቆ ይኖራልና።

ከ2000 በኋላ የመጡት ናይጄሪያውያት ደግሞ እጅግ የተፈራውን ምስጢር፣ የወንድን መካንነት፣ አደባባይ አውጥተውታል። ልጅ ባላገኙ ጥንዶች ዘንድ በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተዳምሮ እንደሚገኝ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ቢሆንም፣ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያየው የሴቷን ሆድ ነው፤ መፍትሔ ተብሎ የሚመጣውም ሌላ ሚስት ነው። የሎላ ሾኔዪን «የባባ ሴጊ ሚስቶች ስውር ሕይወት» በ2010 ታትሞ ይህንን ልማድ ከሥሩ ገለበጠው። በኢባዳን ከተማ የሚኖረው ባባ ሴጊ በብዙ ልጆቹ የሚኮራ የሦስት ሚስቶች ባል ሳለ፣ ቦላንሌ የተባለች የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ አራተኛ አድርጎ ያገባል። ቦላንሌ ልጅ ስትዘገይ ሐኪም ቤት ይወስዳታል፤ ምርመራው ግን መካኑ እርሱ ራሱ መሆኑን፣ ሦስቱ ሚስቶች የወለዷቸው ልጆችም ሁሉ ከሌሎች ወንዶች መሆናቸውን ያወጣል። ጣውንቶቹ እርስ በርስ እየተናከሱ እንኳ ይህን አንድ ነገር አላወጡም ነበር፤ ምስጢሩ የእንጀራቸው ዋስትና ነበርና። ቦላንሌን የጠሏትም በመማሯ ብቻ አይደለም፤ የእርሷ ወደ ሐኪም መሄድ የሁሉንም ቤት እንደሚያፈርስ ስለገባቸው ነው። ሾኔዪን ትረካውን ለሚስቶቹ፣ ለባባ ሴጊና ለሌሎችም በየተራ በመስጠቷ፣ አንባቢ ቦላንሌ ያላወቀችውን አስቀድሞ እያወቀ በፍርሃት ይከተላታል።

በ2017 የወጣው የአዮባሚ አዴባዮ «ከእኔ ጋር ቆዪ» የሚጀምርበት ሁኔታ የማሪያማ ባን ሽማግሌዎች ያስታውሳል። የጂዴ የተባለችው የጸጉር ሥራ ባለሙያ ከአኪን ጋር ከተጋባች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ ግን አልመጣም። አንድ ቀን ዘመዶች ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጠው፣ ይዘዋት የመጡት ወጣት ሴት የባሏ አዲስ ሚስት መሆኗን ይነግሯታል። ሴትየዋ መውለድ እንድትችል የማትሞክረው ነገር የለም፤ ተራራ ላይ ወጥታ የፍየል ግልገል ጡት እስከማጥባት፣ ያላረገዘችውንም እርግዝና በአካሏ እስከመሸከም ትደርሳለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ችግሩ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ባሏ ዝም ይላል፤ ከዚያም አልፎ የገዛ ወንድሙ ሚስቱን እንዲያስረግዝለት በስውር ያመቻቻል።

አዴባዮ ትረካውን ለየጂዴና ለአኪን ከፍላ ስለሰጠች፣ አንባቢ በዳዩንም ከውስጥ ሆኖ ያየዋል፤ አኪን ሚስቱን ከልቡ ይወዳል፣ የሚዋሻትም ውርደቱን መሸከም ስላቃተው ነው። ይህን መረዳት ግን በደሉን አያቀለውም፤ እንዲያውም ያከብደዋል፤ አኪን ለአንድ ቀን ኀፍረት ያልሰጠውን ትከሻ የጂዴ ለዓመታት ለወሬና ለስድብ እንድትሰጥ ተደርጋለችና። ከተወለዱት ልጆች መካከል ደግሞ በሲክል ሴል የሚያዙ አሉ፤ ይህ ቀይ የደም ሕዋሶች ቅርጻቸው ወደ ማጭድነት የሚለወጥበት፣ በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም ሲሆን፣ የሚመጣው ልጁ ለሕመሙ ምክንያት የሚሆነውን ዘረ መል ከወለዱት ከሁለቱም በኩል ሲወርስ ነው፤ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ እያንዳንዱ ልጅ በሕመሙ የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሐኪሙ ስለ ደም ሲጠይቅ፣ ሳያስበው ስለ አባትነት እየጠየቀ ነው። የጂዴ ልጆቿን አንድ በአንድ ከቀበረች በኋላ ሦስተኛዋም ሞተች ብላ ባመነችበት ጊዜ ባሏንም ከተማውንም ትታ ትሄዳለች፤ ልጅቷ ግን በሕይወት ነበረች፣ እናትም ይህን የምታውቀው ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ለአማቷ ቀብር ስትመለስ ነው። ከራማቱላዬ ዘመን ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የጂዴ ግን እንደ ራማቱላዬ ሁሉ የገዛ ሕይወቷን ወሬ ከቤተ ዘመዱ ሁሉ ኋላ ሰምታለች።