በቴስታ የሚገባ ጎል ዋጋው ስንት ነው?

ለገዳዲን የአዲስ አበባ ሰው በአብዛኛው የሚያውቃት በግድቧ ነው። የኳስ ሰው ግን በ2015 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሎ በዚያው የውድድር ዘመን በወረደው ለገጣፎ ለገዳዲ ያስታውሳታል። ክለቡ ቢወርድም ታዳጊዎቹ ከሜዳ አይጠፉም። እንደ ሌላው ሰፈር ሁሉ ተሰልፈው፣ አሰልጣኙ በእጁ እየወረወረላቸው፣ በተራ በቴስታ ይመልሳሉ። ሃያ፣ ሰላሳ ጊዜ። «አትጨፍን! ግንባርህን ስጠው!» ይባላሉ። እኛም የተማርነው እንደዚሁ ነው። ማንም ክፋት አስቦ አይደለም፤ ጉዳቱን የነገረን አልነበረም።

አሁን ግን የሚነግሩን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዊሊ ስቴዋርት የመሩት ቡድን 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን ከ23 ሺህ ያህል ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ተጫዋቾቹ በልብ በሽታና በሳምባ ካንሰር የሚሞቱት ከሌላው ሰው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በአንጎል መድከም በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ግን ሦስት ተኩል እጥፍ ነበር። አልዛይመር ብቻውን ሲታይ ደግሞ አምስት እጥፍ ሆነ።

እዚህ ላይ የሚገርመው የበረኞቹ ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ቡድን ተጫዋቾቹን በቦታቸው ሲለያቸው፣ የበረኞች ስጋት ከተራው ሰው አልበለጠም። ተከላካዮች ግን አምስት እጥፍ ሆኑ። ረጅም ኳስ በቴስታ የሚመልሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ለእናንተ አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የስዊድን ጥናት ከ6,000 በላይ ተጫዋቾችን አይቶ ልዩነቱን ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ዝቅ አድርጎታል፤ በረኞቹን ግን እሱም ነጻ አውጥቷቸዋል። ጥፋተኛው ቴስታ ብቻ ነው ብሎ ለመማል ጊዜው ገና ነው፤ የጭንቅላት ግጭትም አለ። ሆኖም ጥርጣሬው ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1966 የዓለም ዋንጫን ካነሳው የእንግሊዝ ቡድን ሬይ ዊልሰን፣ ማርቲን ፒተርስ፣ ኖቢ ስታይልስና ሁለቱ ቻርልተኖች በመርሳት በሽታ ተይዘው አልፈዋል። የጀርመኑ ጎል አዳኝ ገርድ ሙለርም አልዛይመር ይዞት እ.ኤ.አ. በ2021 ሞተ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ እዚሁ ያስቀሩልን የእኛዎቹም የተጫወቱት በዚያው ዘመን፣ ዝናብ ሲመታው ውሃ ጠጥቶ በሚከብደው የቆዳ ኳስ ነው።

በሽታው እንዴት ይሠራል? አልዛይመር ላይ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን በአንጎል ሴሎች መካከል ይጋገራል፤ ታው የሚባለው ደግሞ ሴሎቹ ውስጥ ይተበተባል። ክምችቱ የሚጀምረው ሰውዬው መርሳት ከመጀመሩ 15 ወይም 20 ዓመት ቀድሞ ነው። ድሮ ይህን ለማየት ውድ የአንጎል ምስል ወይም ከአከርካሪ ፈሳሽ መቅዳት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ግን አሜሪካ ለምርመራው የሚያግዝ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቀደች።

መድኃኒትም መጥቷል። ሌካኔማብ (2023) እና ዶናኔማብ (2024) የተጋገረውን አሚሎይድ ያጸዳሉ። ዳሩ ግን አያድኑም። ሌካኔማብ በ18 ወር ሙከራው የበሽታውን ግስጋሴ በ27 በመቶ ነው ያዘገየው፤ ያውም ገና በጀማሪዎቹ ላይ። አንጎልን ሊያሳብጥና ሊያደማም ይችላል። በኳስ ቋንቋ፣ ሰዓት ማባከን እንጂ ማሸነፍ አይደለም።

ስለዚህ ፈረንጆቹ መከላከል ላይ አተኩረዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ቴስታን ከለከለች። ስኮትላንድና እንግሊዝ በ2020 ለሕፃናት ከልምምድ አወጡት። በእንግሊዝ ለትልልቆቹም ኃይለኛ ቴስታ በልምምድ በሳምንት ከ10 እንዳይበልጥ ተመከረ። ይህ ለለገዳዲው አሰልጣኝ ሳንቲም አያስወጣውም፤ ልጆቹ ያን ሰዓት ኳስ በእግር ማቆም ቢማሩበት ምን ይጎድልባቸዋል?

የአንጋፋዎቹ ነገር ግን ከሜዳ ይልቅ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ጋሼ ያንኑ ጎል በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ሲያወሩ «ጃጅተዋል» ብለን እናልፋለን። አልዛይመር ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል፤ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ድባቴም ያስረሳሉ፣ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።