ሮማን ደም ይሆናል ወይ?

በካምፑ ሬዲዮ የቀረበ የጤና ንግግር

በሬዲዮ ያልሰማችሁትም እንድታነቡት የዛሬውን ንግግር በዚህ ወረቀት አትመነዋል። ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አንዱን መርጠን ሰፋ አድርገን እንመልሳለን፤ ጉዳዩ የጠያቂዋ ብቻ አይደለምና።

ጥያቄውን የላከችው እናት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ክሊኒክ ሄዳ ደሟ ሲለካ «ደምሽ አንሷል» ተባለች፤ የአይረን ክኒንም ተሰጣት። ክኒኑ ግን ያቅለሸልሻታል፣ ሰገራዋንም አጥቁሮባታል። ጎረቤቶቿ «ይህን ነገር ተይው፤ ሮማን ጨምቀሽ ጠጪ፣ ቀዩ ደም ይሆናል» አሏት። እርሷም ከራሽኗ ላይ አተር ክክ ሸጣ ሮማን ገዛች። «በሮማኑ ልቀጥል ወይስ ወደ ክኒኑ ልመለስ?» ስትል ትጠይቃለች።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። እህታችን፣ ክኒኑን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ውሰጂ። ሮማኑን ካገኘሽ ብዪው፣ መልካም ምግብ ነው፤ በክኒኑ ፈንታ ግን አይሆንም። ክኩንም ለሮማን ብለሽ አትሽጪ። አሁን ምክንያቱን እንመልከት።

ሮማን ለእኛ እንግዳ ፍሬ አይደለም። ሴት ልጆቻችንን ሮማን ብለን እንሰይማለን። በኦሪት ዘጸአት የአሮን ልብስ ጠርዝ በሮማን ምስል እንዲያጌጥ ታዟል፤ በቅዱስ ቁርኣንም ከቴምር ጋር ከገነት ፍሬዎች መካከል ተጠቅሷል። ዛፉ ከኢራንና በዙሪያዋ ካሉት አገሮች የተነሣ ሲሆን ደረቅና ሞቃት አየር ይችላል። በዚህ በካኩማ ገበያ ስትጠይቁ በስዋሂሊ ኮማማንጋ፣ በዐረብኛና በሶማሊኛ ሩማን ይሏችኋል። ይህን ያህል በተከበረ ፍሬ ላይ ቀለሙ ደም መምሰሉ ሲጨመርበት፣ ሰው «ደም ይሆናል» ቢል አይፈረድበትም። ቀይ ሥርም በዚሁ በቀለሙ ምክንያት ያለ አቅሙ ይወደሳል።

ነገር ግን ቀይ ሁሉ ደም አይሆንም። ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን የሚባለው ነገር ነው። ሄሞግሎቢን ያለ አይረን አይሠራም፤ አይረን ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የሮማን ቅላት ግን አንቶሲያኒን ከሚባል የተክል ቀለም የሚመጣ እንጂ ከብረት አይደለም። 100 ግራም የሮማን ፍሬ፣ ማለትም አንድ ጥሩ እፍኝ የሚሆን፣ በውስጡ ያለው አይረን 0.3 ሚሊግራም ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን ወደ 27 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። ይህን ከሮማን ብቻ እናግኝ ብንል በየቀኑ 9 ኪሎ ፍሬ መብላት ሊኖርባት ነው። በክሊኒክ የሚሰጠው ክኒን ግን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን ይዟል። ባለ 60ውን ብንወስድ 20 ኪሎ የተፈለፈለ ሮማን ያህል ማለት ነው። ከሮማን ክብደት ግማሽ ያህሉ ልጣጭ ስለሆነ ደግሞ ገበያ ሄዳችሁ ወደ 40 ኪሎ መግዛት ይኖርባችኋል። ከክኒኑም ሆነ ከፍሬው ሰውነታችን የሚወስደው ከፊሉን ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ክኩንም እናስተያየው። 100 ግራም ደረቅ አተር ክክ ከ4 ሚሊግራም በላይ አይረን፣ ከ20 ግራም በላይም ሰውነት የሚገነባ ፕሮቲን አለው። የሮማን ፕሮቲን 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እህታችን ደም ለመግዛት ብላ ያላትን ደም ሸጠች ማለት ይቻላል። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ ማንም ይህን ቁጥር አልነገራትም።

ታዲያ ሮማን ምን ይጠቅማል? ብዙ ይጠቅማል። ከ100 ግራም ውስጥ 78 ግራም ያህሉ ውኃ ነው፤ በዚህ ሙቀት ይህም ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ 14 ግራም የሚጠጋ የተፈጥሮ ስኳር፣ 4 ግራም ያህል አሰር፣ እንዲሁም ለልብና ለጡንቻ ሥራ የሚያስፈልግ ፖታሲየም አለው። ለፅንሱ አንጎልና አከርካሪ የሚያስፈልገውን ፎሌትም ይዟል፤ መጠኑ 38 ማይክሮግራም ነው። ነፍሰ ጡር በቀን 600 ያስፈልጋታልና ይህም ብቻውን አይበቃም። ፎሊክ አሲድ ከአይረኑ ጋር በክኒን የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ቫይታሚን ሲ ደግሞ በ100 ግራም 10 ሚሊግራም ያህል አለው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በራሽን የምናገኘው በቆሎ፣ ማሽላ፣ ክክና ዘይት ቫይታሚን ሲ የላቸውም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያና በምሥራቅ ሱዳን ካምፖች ተጠልለው የነበሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ ምክንያት ስከርቪ የሚባል በሽታ ይዟቸው ነበር። ድዳቸው አብጦ ይደማ፣ እግራቸውን ያማቸው፣ ጉልበታቸው ታስሮ መራመድ ያቅታቸው ነበር። አትክልትና ፍራፍሬ ሳያገኙ በካምፕ የቆዩበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የታማሚው ብዛት ይጨምር ነበር። ስከርቪ እንዳይዝ በቀን 10 ሚሊግራም ያህል ይበቃል፤ ለሙሉ ጤንነት ለአንድ አዋቂ የሚመከረው ደግሞ 45 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ አንድ እፍኝ ሮማን ከስከርቪ ይጠብቃል፤ በዚህ በኩል ሊመሰገን ይገባዋል።

ግን ለዚህም ቢሆን ርካሹ መንገድ ሮማን አይደለም። ወደ ካኩማ የሚመጣው ፍራፍሬ ከሩቅ በመኪና ተጭኖ ስለሚመጣ ሮማን ሲገኝም ውድ ነው። የአንድ ሎሚ ጭማቂ ወደ 20 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ይሰጣል። ሁላችንም የምናውቀው አረንጓዴ ቃሪያ ደግሞ በ100 ግራም ከ200 ሚሊግራም በላይ አለው፤ ስለዚህ በምሳ ላይ በጥሬው የምንገምጠው አንድ ቃሪያ ከአንድ ሙሉ ሮማን ይበልጣል። በጥሬው ማለታችንን ልብ በሉ፤ ቫይታሚን ሲ በእሳት ይጠፋል። በግቢያችሁ ሽፈራው፣ ሞሪንጋ የምንለው፣ ካለ ቅጠሉ ቫይታሚን ሲም አይረንም አለው፤ ቀቅላችሁ ሎሚ ጭመቁበት።

ገንዘብ ጨርሶ ከሌለ በቆልት አለ። በጾም ወራት እናቶቻችን የሚያዘጋጁት ማለት ነው። ያልተከካ ሙሉ ምስር፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ አጥባችሁ አንድ ሌሊት በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፉ። ከዚያ ውኃውን አጥልላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ እያለቀለቃችሁ እስኪያጎነቁል ጠብቁ። ደረቅ ሆኖ ሳለ ያልነበረው ቫይታሚን ሲ ሲበቅል ይፈጠራል። በጥሬው ሳይሆን ለአጭር ጊዜ ብቻ ቀቅሉት፤ በሙቀት ጀርም ሊራባበት ይችላልና። ጥቂቱ ቫይታሚን በእሳት ቢሄድም የሚተርፍ አለ። የተከካ ክክ ግን አይበቅልም፤ በከንቱ አትድከሙ።

ቫይታሚን ሲ ከደም ጉዳይ ጋርም ይገናኛል። በክክ፣ በምስርና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም። ከምግቡ ጋር ሎሚ ወይም ጥሬ ቃሪያ ሲኖር ግን የሚወሰደው መጠን ይጨምራል። ሻይና ቡና ደግሞ በተቃራኒው አይረኑን ይዘው ያስቀሩታል። ቡናውን አንከለክልም፤ ቡና የሌለበት ቀን እንዴት እንደሚከብድ እናውቃለን። ከምግቡ ወይም ከክኒኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አርቁት ነው የምንለው።

ወደ ልጣጩ እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን እርሱ ነው። ለተቅማጥ የሮማን ልጣጭ አፍልተው የሚያጠጡ አሉ። ልጣጩ የሚመርና አፍ የሚይዝ ነው፤ ታኒን የሚባል ነገር ስላለበት በብዙ አገር ቆዳ ለማልፋት ይጠቀሙበታል። በተቅማጥ ጊዜ ሰው የሚሞተው ግን ውኃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅ ነው፤ በኮሌራ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ልጣጩ ያለቀውን ውኃና ጨው አይመልስም። ልጅ ሲያስቀምጠው ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ አጠጡት፤ የሚጠባ ከሆነም ጡት አትከልክሉት፤ ወደ ክሊኒክም ውሰዱት። እዚያ ዚንክ ይሰጠዋል። ልጣጭ ሲፈላ የሚባክነው ሰዓት የልጁ ሰዓት ነው።

የግንዱና የሥሩ ቅርፊት ደግሞ የባሰ ነው። ቀድሞ አባቶቻችን ለኮሶ ትል ኮሶ እንደሚጠጡት ሁሉ በሌሎች አገሮች የሮማን ሥር ቅርፊት ይጠጣ ነበር። ትሉን የሚያዳክመው ፔለቲየሪን የሚባል መርዝነት ያለው ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1878 ፈረንሳዊው ኬሚስት ታንሬ ለይቶ አውጥቶታል። መጠኑ ሲበዛ ሰውየውንም ያስታውካል፣ ያዞረዋል፣ ዓይኑንም ሊጎዳ ይችላል። ነፍሰ ጡር ፈጽሞ መቅመስ የለባትም። ለኮሶ ትል በክሊኒክ በቀላሉ የሚወሰድ መድኃኒት አለ።

ሮማን ግፊትን፣ ስኳርን፣ ካንሰርንም ይፈውሳል ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ጭማቂው የደም ግፊትን በጥቂቱ ዝቅ እንደሚያደርግ ያሳዩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ፤ መድኃኒት የሚያስተው መጠን ግን አይደለም። በአሜሪካ አንድ ታዋቂ የሮማን ጭማቂ ኩባንያ ምርቱ የልብ በሽታንና የፕሮስቴት ካንሰርን ይከላከላል እያለ ሲያስተዋውቅ፣ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ማስታወቂያው በቂ ማስረጃ የለውም ሲል ወስኖበታል። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ጭማቂውን ትታችሁ ፍሬውን በጥቂቱ ብሉ፤ አሰሩ ስኳሩን ያዘገየዋል። ደም ማቅጠኛ ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ኩላሊታችሁም የሚያማችሁ፣ ጭማቂውን አዘውትራችሁ ከመጠጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ሮማንም ሌላም አይሰጥም፤ ለትንንሽ ልጆችም ፍሬው እንዳያንቃቸው ጨፍልቃችሁ ስጡ።

አከፋፈቱን በተመለከተ አንድ ነገር አለን። ወፍራም ልጣጩ ፍሬውን ከአቧራና ከዝንብ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሮማንን ሙሉውን ግዙ እንጂ በመንገድ ላይ ተፈልፍሎ በላስቲክ የሚሸጠውን አትግዙ። ከመቁረጣችሁ በፊት ልጣጩን እጠቡት፤ አለዚያ ቢላዋው የውጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። አናቱን ቆርጣችሁ ጎኑን ሸንትሩና ንጹሕ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ በእጃችሁ ፈልቅቁት፤ ፍሬው ወደ ታች ይሰጥማል፣ የሚመረው ስስ ቆዳ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። የተከፈተውን በዚያው ቀን ብሉ።

አሁን ወደ እህታችን ክኒን እንመለስ። ሰገራ መጥቆሩ ከክኒኑ ውስጥ የተረፈው አይረን ሲወጣ ነው፤ ጉዳት የለውም። ማቅለሽለሹን ለማቅለል ክኒኑን በባዶ ሆድሽ ሳይሆን ከእራት በኋላ፣ ልትተኚ ስትዪ ውሰጂው። ሆድ ካደረቀብሽ ውኃ አብዢ፤ የሮማኑም አሰር ይረዳል። ይህን አድርገሽ ማስታወኩ ካልተወሽ ክኒኑን ይዘሽ ክሊኒክ ተመለሺ፤ የአወሳሰዱን ሁኔታ ይለውጡልሻል። በራስሽ ግን አታቋርጪው። ደሟ ያነሰ እናት በወሊድ ጊዜ ጥቂት ደም ቢፈሳት እንኳ ሌላዋ የምትችለውን እርሷ ላትችለው ትችላለች። ከአራት ወር በላይ ለምናንቀሳቅሰው ፅንስም የክኒኑ ቀን ሁሉ ይቆጠራል። ደም ማነስ ከምግብ ብቻ አይመጣም፤ ወባና የሆድ ትልም ደም ይጨርሳሉና ተመርመሪ፣ አጎበርሽንም ዘርጊ። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ልብሽ አለቅጥ ከመታ ወይም ደም ካየሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

ክኒኑን ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጪው። ከረሜላ መስሏቸው ብዙ ቢውጡ አይረን ትንሽ ልጅ ይገድላል።

የተረፉሽን ሮማኖች ደግሞ አትጣያቸው። ያልተቆረጠ ሮማን በጥላ ሥር ብዙ ቀን ይቆያል፤ ልጣጩ ቢደርቅም ውስጡ ደህና ነው። በየቀኑ ግማሽ ግማሹን ከክክ ወጡ ጋር ብዪ፣ ለልጆችሽም አካፍያቸው። ልጣጩን ጣዪው።