ስንጥቁ ይንቀሳቀሳል ወይ?

ገመድ አልባ ሴንሰር ግድግዳ ወይም ድልድይ ላይ ተጣብቆ ስንጥቅን፣ ዝንባሌንና ንዝረትን እየለካ በሬዲዮ የሚልክ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሣጥን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ ላይ 64 ያህል ተተክለው ንዝረቱን መዝግበዋል።

ስለ ስንጥቅ ግን ብዙ ሰው ተሳስቷል፤ ሰፊውን ይፈራል፣ ቀጭኑን ይንቃል። ጣት የሚያስገባው ስንጥቅ ዘመን ሙሉ ባለበት ሊቆም ይችላል፤ ፀጉር የምታህለዋ ደግሞ በየክረምቱ ልትረዝም ትችላለች። መጠየቅ ያለበት ይንቀሳቀሳል ወይ ተብሎ ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ግንበኛ ይህን ያለ ማሽን ያውቁታል፦ ስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት በጄሶ ይለጥፋሉ፤ መስታወቱ ከተሰበረ ግድግዳው እየሄደ ነው። መቼና ምን ያህል እንደሄደ ግን መስታወቱ አይናገርም። ሴንሰሩ በየሰዓቱ ከሚሊሜትር በታች ያለውን ለውጥ ይቆጥራል።

የሙቀት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ነፋስ መውጫ ያለችበት የጋይንት ደጋ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀትሩ ጠራራ ፀሐይ ነው። ድንጋይ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ስንጥቁም ይጠባል፤ ሲበርድ ይኮማተራል፣ ስንጥቁ ይከፈታል። ማለዳና ቀትር ላይ የተለካ አንድ ግድግዳ ምንም ጉዳት ሳይደርስበት ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ዋልካ ላይ ያረፈ ቤት ደግሞ አፈሩ በክረምት ሲያብጥ ይነሳል፣ በበጋ ሲደርቅ ይወርዳል። ስለዚህ ሙቀትን አብሮ የማይለካ ሴንሰር አይገዛ፤ ክረምትና በጋ ሳይፈራረቁበትም ፍርድ አይሰጥ። የአምናው ታኅሣሥ ከዘንድሮው ጋር ተነጻጽሮ፣ በዚያው ሙቀት ስንጥቁ ሰፍቶ ከተገኘ ያ ጉዳት ነው። ንግሥ በደረሰ ቁጥር የቤተ ክርስቲያን ስንጥቅ በሲሚንቶ የምትለስኑ ሰዎች የምትቀብሩት ይህንን ማስረጃ ነው። እባካችሁ መጀመሪያ ይለካ።

በአገራችን ሴንሰሩ እንዲተከል የምመኝበት ቦታ ዓባይ ላይ ነው። ከእስቴ ወደ ሞጣ ያሻግር የነበረው ሰባራ ድልድይ በዘመነ ፋሲል የተሠራ ሲሆን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ፈረሰ፤ ሰውም በገመድ እየተሳበ ሲሻገር ኖረ። በ1994 ዓ.ም. ቢጠገንም ጎርፍ መልሶ ጎዳው፤ በ2001 ዓ.ም. ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የድንጋይ ድልድይን ጎርፍ የሚበላው ብዙ ጊዜ ከምሰሶው ሥር ጀምሮ ነው፣ ውኃው ስለሚሸፍነውም ከላይ አይታይም። ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ዝንባሌ ለኪ ግን ዓይን የማያየውን መዝመም ይናገራል። ጎርፉ በሚበረታበት ወራት ደመናው ባትሪውን የሚሞላውን ሶላር ስለሚያደክመው ባትሪው ሰኔ ሳይገባ መቀየር አለበት፤ ቀያሪው ሰውም ሴንሰሩ ከመተከሉ በፊት ይመደብ።