ስለ ጭነት ማንሻ ትራክተር የዘይት ኃይል መድከም

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በትንሽ ትራክተር ጭነት ለሚያነሡ ሁሉ የሚጠቅም ነገር ነው። ክንዱ ሲዘገይ ወይም ጭነት አላነሣ ሲል፥ ብዙ ሰው ሳይመረምር ፓምፑ ተበላሸ ብሎ ይፈርዳል፤ ለአዲስ ፓምፕም በከንቱ ገንዘብ ያወጣል። ስለዚህ ምርመራው በሚከተለው ተራ ይሁን።

አንደኛ፥ አካፋው ወደ መሬት ይውረድ፤ ሞተሩም ይጥፋ። ከተነሣ ክንድ በታች ማንም አይግባ። ከዚያ የዘይቱ ልክ ይታይ። ዘይቱ አረፋ ከያዘ አየር ገብቶበታል፤ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ተቀላቅሎበታል።

ሁለተኛ፥ ማጣሪያው ይመርመር። ዘይትን ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። ይህ አገር ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፥ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳር ካለው ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ሲቆሽሽ ፓምፑ ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ዘይት ያጣል፤ ይጮኻል፤ ውስጡም እየተበላ ይሄዳል።

ሦስተኛ፥ ክንዱም አካፋውም አብረው ከደከሙ ጉድለቱ በፓምፑ ወይም በግፊት መቆጣጠሪያው ባልቦላ ይፈለግ፤ አንዱ ብቻ ከደከመ ግን በዚያው ሲሊንደር ጎሚኒ ወይም በራሱ ባልቦላ ነው። ያለ ግፊት መለኪያ ባልቦላውን ማጥበቅ ቱቦ ያፈነዳል።

የሚያፈስ ቱቦ በካርቶን እንጂ በእጅ አይፈተሽ፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባልና። የተወጋ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እንግዲህ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች፥ ነጂው በየማለዳው የዘይቱን ልክ ሳያይ ሞተር እንዳያስነሣ ማዘዝ ይገባቸዋል።