የጆሮ ሕመም በአፍንጫ ነው የሚገባው



ትናንት ማታ አንዲት እህት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ልጄ ሁለት ሌሊት አልተኛም፣ ጆሮውን ይጎትታል፤ ዘይት ለብ አድርጌ ጠብ ላድርግለት?» ትላለች። ከኋላዋ የልጁ ለቅሶ ይሰማል። ያንን ለቅሶ አውቀዋለሁ። እዚሁ ሳዑዲ፣ አል ራዋቢ ሰፈር ባለው ቤቴ ውስጥ አራት ሌሊት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ለእሷ ወዲያው «አታድርጊ፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው» አልኳት። ለምን እንዳልኳት ግን ረጋ ብዬ ለሁላችሁም ልጻፈው። ሐኪም አይደለሁም፤ ደንግጣ የተማረች እናት ነኝ።

ልጄ ያኔ ስምንት ወሩ ነበር። ጉንፋን ያዘው፣ ንፍጡ ወረደ፤ ብዙም አልጨነቀኝም። በሦስተኛው ቀን ግን ጠባዩ ተለወጠ። ሳቅፈው ዝም ይላል፣ ፍራሹ ላይ ሳጋድመው ይጮኻል። ጡጦውን አፉ ውስጥ ሲያገኝ በጉጉት ይይዘዋል፤ ሁለት ጊዜ ይስብና እያለቀሰ ይተፋዋል። ረሃብ አለ፣ መሳብ የለም።

በኢሞ ኮምቦልቻ ደውዬ ለእማዬ አሳየኋት። «ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ አይዞሽ» አለች። አንዷ ጎረቤቴ «እንጥሉ ወርዶ ነው» አለችኝ፤ ሌላዋ «ኤሲው መትቶት ነው»። ሁሉም ወደው፣ አዝነው ነው የተናገሩት። ጆሮን ያነሳ ግን አልነበረም። ልጁም አፍ ፈትቶ «ጆሮዬን» አይል ነገር።

ማልቀስ በጀመረ በአራተኛው ሌሊት ትኩሳቱ 39.2 ገባ። ጠዋት ሙስተውሰፍ (ክሊኒክ) ወሰድኩት። ዶክተሯ መብራት ባለው ማያ ግራ ጆሮውን ስታየው ቆየችና «ኢልቲሃብ» (ብግነት) አለች። ፊቴ ላይ ያለውን ግራ መጋባት አይታ መሰለኝ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቱን ገልብጣ ሁለት መስመር ሠራችልኝ። አንዱ ዘቅዘቅ ያለ ነው፣ ሌላው ጋደም ያለ። «ይሄ ያንቺ ነው፣ ይሄ የሱ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ትንሽ ባዶ ክፍል አለች፤ መሀል ጆሮ ትባላለች። ከዚያች ክፍል እስከ አፍንጫችን ጀርባ የምትወርድ ቀጭን ቱቦ አለች። የአዋቂ ሰው ቱቦ እንደ ጣራ አሸንዳ ተዳፋት ስላላት ያለውን ፈሳሽ ታወርዳለች። የሕፃን ቱቦ ግን አጭርና ጋደም ያለች ናት። ተዳፋት የሌለው አሸንዳ ደግሞ ውሃ ያቁራል። ጉንፋን ሲይዘው ቱቦዋ አብጣ ትዘጋለች፣ ፈሳሹ ከታምቡሩ ጀርባ ይጠራቀማል፣ ከአፍንጫ የመጣው ተህዋስ እዚያ ይራባል፤ መግል ሆኖም ታምቡሩን ይገፋዋል። ሲጋደም ግፊቱ ይብሳል፣ ሲስብም ጆሮው ውስጥ ያለው ግፊት ይለዋወጣል። ልጄ ሲጋደም የሚጮኸው፣ ጡጦውን የሚተፋውም ለዚህ ኖሯል! ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየውም በዚህች ቱቦ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በሽታው የሚገባው በአፍንጫ በኩል ከሆነ፣ በጆሮ በኩል የምንጨምረው ዘይት ምን ይሠራል? ምንም። ታምቡሩ እንደ ግድግዳ ነው፤ ካልተቀደደ ዘይቱ ወደ መግሉ አይደርስም፣ ከተቀደደ ደግሞ ይዘን የመጣነውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ እናስገባለን። ሞቅ ካለ ያቃጥላል። የጡት ወተትም፣ የጤና አዳም ጭማቂም፣ የነጭ ሽንኩርት ዘይትም ያው ነው። በየቤታችን ያለው የጆሮ ጥጥ እንጨትም ኩክን ወደ ውስጥ ከመግፋትና ጆሮ ከማቁሰል ሌላ ጥቅም የለውም። እንጥል ማስቆረጥማ ደም አፍስሶ ልጅ የሚያሳጣ ጎጂ ልማድ ነው፤ ለጆሮም ለጉሮሮም ፈውስ ሆኖ አያውቅም።

እናቶቻችን «ጆሮ ደግፍ» የሚሉት ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ያ ከጆሮ በታች ጉንጭና መንጋጋ የሚያሳብጥ ነው፤ አታምታቷቸው።

ምልክቶቹን ልዘርዝር፦

— ከጉንፋን በኋላ የሚመጣ ትኩሳትና የሌሊት ለቅሶ፣ በተለይ ሲጋደም
— ጡት ወይም ጡጦ ይዞ መተው
— ጆሮን መጎተት (ብቻውን ከሆነ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ሕፃን እጁ የገባለትን ሁሉ ይጎትታል)
— ከጆሮ ፈሳሽ ወይም መግል መውጣት
— ተቅማጥና ትውከት አንዳንዴ

ስለ መግሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ድንገት ዝም ብሎ ትራሱ ሲረጥብ «እሰይ፣ ፈሰሰለት፣ ዳነ» እንላለን። ዝም ያለው ታምቡሩ ተቀዶ ግፊቱ ስለተነፈሰ ነው። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል፤ ቢሆንም ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሀገር ቤት ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚቆጥሩት ቀን አለ፤ ከ14 ቀን በታች የፈሰሰ ድንገተኛ ነው፣ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ሲፈስ ሥር የሰደደ ይሉታል። ንጹሕ ጨርቅ አጠንክረው እንደ ክር ጠምዝዘው፣ ጆሮ ውስጥ አድርገው፣ ሲርስ እየቀየሩ በቀን ሦስት ጊዜ እስኪደርቅ ማድረቅንም ለእናቶች ያስተምራሉ። ሲፈስ የሚያድግ ጆሮ ሀገራችን ውስጥ እንደ ተራ ነገር ይታያል። ተራ ግን አይደለም፤ መስማትን ይወስዳል።

ወደ መድኃኒቱ ልግባ። ሕመሙን ማስታገስ ይቀድማል። ፓራሲታሞል የሚሰጠው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት እያራራቁ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ልጄ 8 ኪሎ ስለነበር በአንድ ጊዜ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ማለት ነው። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ! የሕፃን ጠብታውና ሽሮፑ እኩል አይደሉም፤ ጠብታው በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ የያዘው መድኃኒት ከሽሮፑ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳታነቡ ወይም ፋርማሲ ሳታስነብቡ አትስጡ። ኢቡፕሮፌን ከ6 ወር በታች ያለ ሐኪም አይሰጥም፤ አስፕሪን ለልጅ ጭራሽ አይሆንም። 3 ወር ያልሞላውን ሕፃን ካተኮሰው ደግሞ ከማንኛውም ማስታገሻ በፊት ሐኪም ይየው።

አንቲባዮቲክስ? እንደ ልጁ ዕድሜና እንደ ሕመሙ ክብደት ነው። ከ6 ወር በታች ከሆነ ይታዘዝለታል። ሁለቱም ጆሮ የታመመበት ትንሽ ልጅ፣ መግል ያወጣ፣ 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያተኮሰውም እንዲሁ። ትልቅ ሆኖ ሕመሙ ቀለል ያለው ልጅ ግን ከ2 እስከ 3 ቀን በማስታገሻ እየተጠበቀ ሊታይ ይችላል፤ ብዙው በራሱ ይድናልና። ጎረቤቴ የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ዶክተሯ ዘንድ ሄዳ «ምንም ሳትሰጠኝ መለሰችኝ» ብላ ተናድዳ ነበር። የተሰጣት ነገርማ ነበር፤ «ካልተሻለው ተመለሺ» የሚል ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፋርማሲዎች ያለ ሐኪም ወረቀት አንቲባዮቲክ እንዳይሸጡ በጥብቅ ትቆጣጠራለች። ከጓደኛ ፍሪጅ የተረፈ ጠርሙስ መዋስ ይሄንን ቁጥጥር መዝለል ነው።

ለልጄ የታዘዘለት አሞክሲሲሊን ነበር፣ ለ10 ቀን። በሦስተኛው ቀን ሳቀ፣ በላ። እኔም «ይበቃዋል፣ የቀረውን ለሌላ ጊዜ» ብዬ አስቤ ነበር። አታስቡት። የታዘዘውን ቀን ጨርሱ። በውሃ የተበጠበጠ ሽሮፕ ዕድሜው አጭር ነው፤ ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም። ስትሰጡ ጠርሙሱን ነቅንቁ፤ በሻይ ማንኪያ ሳይሆን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለኩ። በዚህ የባሕር ዳርቻ ሙቀት መኪና ውስጥ አትተዉት።

ከሐኪም ጋር ለመግባባት እነዚህን ያዙ፦ «ኡዝኑ ተውጀዑ» (ጆሮውን ያመዋል)፣ «ዐንዱ ሐራራ» (ትኩሳት አለው)፣ «ማ የርደዕ» (አይጠባም)። የአንገት በላይ ሐኪም ስትፈልጉ «አንፍ፣ ኡዝን፣ ሐንጀራ» በሉ።

እነዚህን ካያችሁ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ፦

— ከ3 ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ
— ከጆሮ ጀርባ ካበጠ ወይም ጆሮው ወደ ፊት ከተገፋ
— ከደከመ፣ ጭራሽ ካልጠባ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ካንቀጠቀጠው
— ፊቱ በአንድ በኩል ከተጣመመ

እዚህ ሳዑዲ ለምክር 937፣ ለአምቡላንስ 997 ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ክፍል። ዶክተሯ «ጡጦውን እንዴት ነው የምትሰጪው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ቀን ሥራ ውዬ ሌሊት ሲነቃ በጀርባው እንደተኛ ጡጦውን በትራስ ደግፌለት እተኛ ነበር። ያ ወተት በዚያች ጋደም ባለች ቱቦ አፍ ላይ ነበር የሚያድረው። ሕመሙን ጉንፋኑ አመጣው፤ መንገዱን ግን እኔ ጠርጌለታለሁ። አሁን ራሱን ከፍ አድርጌ፣ ቁጭ እንዳለ አቅፌ ነው የምሰጠው።

ሌሎቹም መከላከያዎች እንዲሁ ቀላል ናቸው፦

— እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፤ ከዚያም የሚቻለውን ያህል መቀጠል።
— ክትባት። የሳንባ ምች ክትባት (ፒሲቪ) ጆሮ ከሚያመግሉት ዋነኛ ባክቴሪያዎች አንዱን ይከላከላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው የጀመረችው፤ ሀገር ቤት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። እዚህ መርሐ ግብሩ ስለሚለይ፣ ሀገር ቤት ወልዳችሁ የመጣችሁ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩት። ከ6 ወር በላይ የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም አለ።
— ጭስ። ሲጋራና ሺሻ የሚጨስበት ክፍል ሕፃን አይኑር። ቡና ካለ ዕጣን አለ፣ የዚህ ሀገር በኹርም አለ፤ ልጁ በሌላ ክፍል ይሁን፣ መስኮቱም ይከፈት።
— ማባበያ ላስቲኩን ከ6 ወር በኋላ ቀንሱ።
— በጉንፋን ጊዜ አፍንጫውን በጨው ውሃ ጠብታ እያጸዳችሁ ጡት አጥቡት፤ እጃችሁንም ታጠቡ። ኤሲው ተህዋስ አይፈጥርም፤ የሚያስለውና የሚስመው ሰው ነው የሚያመጣው።
— በአውሮፕላን ወደ ሀገር ስትሄዱ፣ ሊያርፍ ሲወርድ አጥቡት፤ መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል።

ሰው ቤት ልጅ የምትይዙ እህቶቼም ይሄ ይመለከታችኋል። ጡጦውን ቁጭ አድርጋችሁ ስጡ፤ ጆሮውን ሲጎትት ወይም ሲያተኩሰው ካያችሁ ሰዓቱን ጨምራችሁ ለማዳም ንገሩ። በኋላ «ለምን አልነገርሽኝም» ከመባል ያድናል፤ ልጁንም ያድናል።

በመጨረሻ፣ ትኩሳቱ ሲጠፋ ነገሩ አላለቀም። ፈሳሹ ከታምቡሩ ጀርባ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ያኔ ልጁ እንደ ውሃ ውስጥ ነው የሚሰማው። 3 ወር ከቆየ፣ ወይም በ6 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ አንገት በላይ ሐኪም ይየው። እኔ ልጄን የፈተንኩት በራሴ መንገድ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲጫወት በሹክሹክታ ስሙን ጠራሁት። መጀመሪያ ሳምንት አልዞረም። ዶክተሯ መልሳ ባየችው ማግስት ጠራሁትና ዞረ። አልሐምዱሊላህ።

ትናንት በድምፅ የጠየቀችኝ እህት ዛሬ ከሰዓት መልእክት ልካለች። የታመመው የልጇ ቀኝ ጆሮ ነበር። ዘይቱን ወጥ ሠርታበታለች።