ጥልፉ ከመጀመሩ በፊት ጨርቁን እንመርምር



በእጅ ጥልፍ ያጌጠ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ለብዙ እናቶች የዕለት እንጀራ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ኤድና ሩት ባይለር የተባሉ የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን አባል የፖርቶ ሪኮ ሴቶች የጠለፏቸውን ጨርቆች ወደ አሜሪካ ወስደው ለወዳጆቻቸው መሸጥ ጀመሩ። ያ ትንሽ ጅምር አድጎ የብዙ አገሮችን የእጅ ሥራ ለገበያ የሚያቀርብ ድርጅት ለመሆን በቅቷል።

ይሁን እንጂ ገዢ መጀመሪያ የሚገዛው በጥልፉ ውበት ተስቦ ነው፤ ተመልሶ የሚመጣው ግን ጨርቁ ሰሃኑን ሲያደርቅለት ነው። አንዲት እኅት ብዙ ቀን የደከመችበት ጥልፍ ውሃ በማይመጥ ጨርቅ ላይ ከዋለ ድካሟ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ጨርቅ ለምትገዙ የፕሮጀክት ሠራተኞችና በስጦታ ለምትልኩ ምእመናን የሚከተሉትን ነጥቦች እናስታውሳለን።

አንደኛ፣ ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ ይሁን። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ ቶሎ ባይጨማደድም ውሃን እንደ ጥጥ አይመጥም። ለመለየት ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዞ በጥንቃቄ ማቃጠል ይበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠጠር የመሰለ ጠንካራ ቅሪት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ድሩና ማጉ ይታይ። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተን ስናየው የሳሳ ከሆነ ከጀርባ ያለው የክር ቋጠሮ ወደ ፊት ይታያል፤ እጅግ የጠበቀ ከሆነ ደግሞ መርፌ ያስቸግራል። መካከለኛ ውፍረት ያለው አቡጀዲ ይመረጣል። መስቀለኛ ጥልፍ ከታሰበ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለው የድርና የማግ ክር ቁጥር እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ይረዝማል።

ሦስተኛ፣ ጨርቁ ሳይቆረጥ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። አዲስ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ስታርች ስላለበት ከእውነተኛ ውፍረቱ በላይ ወፍራም ይመስላል። ደግሞም 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርገን ካጠብን በኋላ 19 ሆኖ ብናገኘው ከመቶ 5 አጥሯል ማለት ነው። ይህ ከተጠለፈ በኋላ ቢደርስ በጥልፉ ዙሪያ ያለው ጨርቅ ይሸበሸባል። ከደረቀ በኋላ አንድ የውሃ ጠብታ እናሳርፍበት። ወዲያው ከጠጣው መልካም ነው፤ እንደ ዶቃ ከቆመ ግን እንደገና ይታጠብ።

አራተኛ፣ የጥልፉ ክር፣ በተለይ ቀዩና ጥቁሩ፣ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ይታሽ። ቀለም ከለቀቀ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጨርቅ ለመላክ የምታስቡ ምእመናን ከመግዛታችሁ በፊት ከፕሮጀክቱ ናሙና ጠይቁ። ባለ ሱቅ ሲያዝ ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆንለት ስለሚፈልግ፣ ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ይልቅ አንድ ጣቃ ይበልጥ ይጠቅማል። ገዢው ለእኅቶቻችን አዝኖ ሳይሆን ዕቃውን ወድዶ ሲገዛ ሥራቸው ይጸናል።