ከኋላ ወንበር የተነሣው መለከተኛ



እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ከብዙዎቻችን አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «የእኔ ነገርማ አለቀ፤ ዕድሜዬ በሰው ቤት ቀረ» የሚል ነው። ይህን የምትለው እህት አንዳንዴ ሠላሳ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ላጫውታችሁ። ሰውየው የጃዝ ሙዚቀኛ ነው። «ጃዝ በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ምን አገባው?» የምትል ብትኖር እስከ መጨረሻው ትታገሠኝ።

ስሙ አዶልፈስ ቺተም ይባላል። በ1905 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር፣ በናሽቪል ከተማ ተወለደ። ትራምፔት የሚባለውን የናስ መለከት መንፋት የጀመረው በልጅነቱ፣ በቤተ ክርስቲያን የልጆች ባንድ ውስጥ ነበር። ቤተሰቦቹ መድኃኒት ቀማሚ እንዲሆን ይመኙ ነበር፤ እርሱ ግን መለከቱን መረጠ። ከሕክምናው የተረፈው «ዶክ» የሚለው ቅጽል ስም ብቻ ነው።

በ1930ዎቹ ዝነኛ በነበረው በካብ ካሎዌይ ትልቅ ባንድ ውስጥ ለዓመታት ሠራ። ሥራው መሪ ትራምፔት ነበር። ይህ ምን ማለት መሰላችሁ? በወረቀት የተጻፈውን ዜማ ሳያዛንፉ መንፋት ነው፤ የቀሩት መለከተኞች ትንፋሻቸውን የሚያስተካክሉት እርሱን እየሰሙ ነው። እርሱ ከሳተ ሁሉም ይስታል። ነገር ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ ብቻውን የሚጫወተው፣ የሚጨበጨብለትም ሌላው ነው። እኛ ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ከንጋት ጀምረን ያሰናዳነውን ማዕድ እንግዶች በልተው ሲያበቁ፣ «እጅሽ ይባረክ» የሚባሉት ማዳም ናቸው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ጤናው ታውኮ ሥራውን ያቋረጠበት ጊዜም ነበር። በ1961 ከሌላ መለከተኛ ጋር በጋራ አንድ አልበም አወጣ። በ1966 ደግሞ የቤኒ ጉድማን ቡድን አባል ሆነ፤ ቡድኑ አምስት ሰው ብቻ ነበር። በትልቅ ባንድ ውስጥ ሰው ይሰወራል፤ በአምስት ሰው መካከል ግን መደበቂያ የለም። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 61 ነበር። ሰዎችም «ይህ ሰው እስከ ዛሬ የት ነበር?» ማለት ጀመሩ።

እርሱ ግን በራሱ አልረካም። የራሱን አጨዋወት በቴፕ እየቀዳ መልሶ ያዳምጥ ጀመር። የማይረባውን ጣለ፤ የተለመደውን ተወ፤ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተለማመደ። በስሙ ብቻ የተጠራው የመጀመሪያ አልበሙ፣ በጥቂት ሰዎች ታጅቦ የተጫወተው፣ በ1973 ወጣ። ዕድሜው ወደ 68 ደርሶ ነበር!

በ1977 በፓሪስ ስቱዲዮ ማይክሮፎን ለመሞከር ብሎ ጥቂት ዘፈነ፤ ቴፑ ይቀዳ ስለ ነበር አልበሙ ውስጥ ገባ፤ ሰዎችም ወደዱለት። ከዚያ ወዲህ መለከቱን እየነፋ ይዘፍንም ነበር። በ91 ዓመቱ ደግሞ ኒኮላስ ፔይተን ከሚባል ወጣት መለከተኛ ጋር አልበም ቀዳ። አልበሙ በወጣበት በ1997 ዓመት፣ 92ኛ ልደቱ ሊደርስ 11 ቀን ሲቀረው አረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ በአንድነት የግራሚ ሽልማት ተሰጣቸው።

እህቶቼ፣ ይህን የጻፍኩት ዘፈን ላስተዋውቅ ብዬ አይደለም። በደልን ዝም ብላችሁ ተሸከሙ ለማለትም አይደለም። ዶክ ለሥራው ይከፈለው ነበር፤ ሥራው ሲያልቅም ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ደመወዝና ዕረፍት የተነፈገች እህት የሚያስፈልጋት ምክር ሳይሆን እርዳታ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ትንገር።

ለማለት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። በኋላ ወንበር የሠራባቸው ዓመታት አልባከኑም። ትንፋሹ የበረታው፣ ጆሮው የነቃው፣ እጁም የተገራው በዚያ ነው። እናንተም በሰው ቤት የተማራችሁት ቋንቋ፣ ሙያ፣ ሕፃንና ሽማግሌ የመንከባከብ ጥበብ የእናንተ ነው፤ ማንም ፓስፖርት እንደሚቀማ አይቀማችሁም። ሙሴም የተጠራው በ80 ዓመቱ፣ ለዓመታት የአማቱን በጎች ከጠበቀ በኋላ ነው።

እንግዲህ «አለቀ» ከማለታችን በፊት ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፤ በእነዚህ ዓመታት እጄ ምን ተማረ? መልሱን በወረቀት ጻፉት፤ ለእሑድም ይዛችሁ ኑ።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።